ከታች የተቆረጠው መስመር

ይድረስ ለምወድሽ እታለም፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል ወይስ ቅባቱ ትንሽ ረዳሽ? ግራ ጆሮሽ ከበፊቱ እንዳልባሰ ተስፋ አደርጋለሁ። በረንዳሽ ላይ የሚጣሉት ሁለቱ ድመቶችስ ታረቁ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ቆሜ እሄዳለሁ፣ ያገኘሁትን እበላለሁ ማለቴ ነው።

ሙሽራሽም አለች። ከእኔ ጋር ሃያ ስድስት ዓመት ኖራ፣ ፀጉሯ ሸብቶ፣ አንቺ ዛሬም «ሙሽራዬ» ስለምትያት እኔም በዚህ ደብዳቤ እንደዚያው እጠራታለሁ። ከአልጋዋ እስከ መስኮቱ ዐሥራ አራት እርምጃ ነው። መሐል ላይ ወንበር አስቀምጬላታለሁ፤ እዚያ ታርፋለች። ሐኪሙ ሳንባዋ እንደ ድሮው አይሆንም፣ ከዚህ እንዳይብስ ግን እንጠብቀው አለ። እንዴት አድርጌ ብዬ ስጠይቀው ሽታ አታስጠጋባት አለኝ። ሽንኩርት ሲጠበስ፣ አዲስ ሳሙና ሲከፈት፣ ጎረቤት ሽቶ ተቀብቶ ሲገባ ደረቷ ይዘጋል። ስለዚህ የኩሽናው በር ቀኑን ሙሉ ዝግ ነው፤ ከሥሩም እርጥብ ፎጣ እወትፍበታለሁ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሁለት ጊዜ መተንፈስ ስላለባት ንግግሯን አሳጥራዋለች። የሰው ጽሑፍ ሳሳጥር ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ እንደ እሷ ግን አልቻልኩበትም። የሚጠይቃት ሰው መጥቶ ግማሽ ሰዓት ሲያወራላት «በቃ፣ ገባኝ» ትለዋለች፤ ሰውየውም ተነሥቶ ይሄዳል። ሽታ የሌለው ሥራ መርፌ ብቻ ሆኖ ስላገኘችው ከሆስፒታል በወጣች በሁለተኛው ሳምንት የክር ሣጥኗን አስቀርባ በቤቱ ያለውን ቀዳዳ ሁሉ ሰፋችው። የአንሶላውን ጠርዝ፣ የእኔን ካልሲዎች፣ ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን የሥራ ኮቴን ቁልፍ ሳይቀር። ሥራ ከሄድኩ አራት ወር ሆኖኛል፤ ኮቱ ለማን እንደሚቆለፍ እኔ እንጃ።

ደብዳቤሽን ማክሰኞ የአውቶቡስ ሹፌሩ ጎረቤታችን አምጥቶ ሰጠኝ። ሦስተኛሽ ነው። በሦስቱም ይቅርታ ትጠይቂኛለሽ። በዚህኛው ግን አዲስ ነገር ጨመርሽበት። መሐንዲሱ ልጅሽ ቅዳሜ መጥቶ የጋዝ ምድጃሽን እንደሚወስደው ጻፍሽልኝ። «ቅዳሜ ምድጃውን ይጭናል፣ በሳምንቱ እኔን» ብለሽ ቀልደሽበታል። ሰው የሚያፍን ነገር አስተምሮ ጥንቃቄውን መጻፍ የረሳ ሰው እሳት አጠገብ ብቻውን አይቆምም ብሎሻል አሉ። የእሱ ጓሮ ያለችው ክፍል ተቀብታ አልቃለች፤ ምሳና እራት እየቀረበልሽ ልትኖሪባት ነው። ከታች ደግሞ «እውነቱን ነው፤ አእምሮዬ ከዳኝ፤ የጻፍኩና ያልጻፍኩትን መለየት ካቃተኝ ምን ቀረኝ» ትያለሽ። ይህን መስመር ቆሜ አነበብኩት፣ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ከዚያ በኋላ ምን እንደማደርግ ስላላወቅሁ ድንች ልልጥ ገባሁ።

ድንቹን ስልጥ ያሰብኩትን ልንገርሽ።

ትዝ ይልሽ እንደሆን፣ ልጅ ሳለሁ ገበያ ስትልኪኝ መጀመሪያ ስለ መንገዱ፣ ስለ ውሻው፣ ስለ ጫማዬ ማሰሪያ ታወሪ ነበር። ከግቢው በር ስደርስ ነው የተላክሁበትን ነገር ከኋላ ጮኸሽ የምትነግሪኝ። እናታችን «የዚች ልጅ ነገር ጭንቅላቱ ጅራቱ ላይ ነው» ትልሽ ነበር። ደብዳቤሽም እንደዚያው ነው። ሰላምታ፣ ወሬ፣ ብልሃቱ፣ ከዚያ ወረቀቱ ሊያልቅ ሲል፣ እጅሽ በር መዝጊያው ላይ የሆነ ይመስል፣ ዋናው ነገር።

የእኛ የጋዜጣ ቤት ሥራ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ጋዜጣ ላይ ዋናው ነገር ከላይ ይቀመጣል፤ ቦታ ሲጠብ የሚቆረጠው ከታች ነው። ከታች ያለው ቢቀር ማንም አይጎዳም ተብሎ ይታመናል። ማንም ሳያስተምረኝ እጄ የለመደው ነገር ነው፤ ቀይ እርሳሱ ራሱ ወደ ታች ይወርዳል። የገጽ አቀናባሪያችንን «አራት መስመር» እያልን እንደምንጠራው ነግሬሻለሁ አይደል? ሁልጊዜ ከጽሑፉ አራት መስመር ይተርፈዋል። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ለጋዜጣችን የምትልኪውን «የጓዳ ብልሃት» ይዤ ስቀመጥ መጥቶ ከአጠገቤ ይቆማል፤ እኔም ቀና ሳልል ቆርጬ እሰጠዋለሁ።

አሁን ደግሞ ሳቂ። ዐሥራ አንድ ዓመት የጓዳ ብልሃት ያወጣ ሰው እንቁላል መቀቀል አይችልም። ሙሽራሽ ከሆስፒታል እንደተመለሰች፣ ቁምሳጥኑ በር ላይ በውስጥ በኩል የለጠፈቻቸውን የጋዜጣ ቁራጮች እያየሁ ማብሰል ጀመርኩ። አምኜባቸው ነበር፤ እኔው ያወጣኋቸው አይደሉ? አንድ ኩባያ ሩዝ፣ ሁለት ኩባያ ውኃ፣ መካከለኛ እሳት፣ ውኃው እስኪጠፋ። አደረግሁ። በየደቂቃው እየከፈትኩ አየሁት። ከታች አረረ፣ ከላይ ጥሬ ነው። ሙሽራሽ አንድ ማንኪያ ቀመሰችና «ግማሹ ሙጫ፣ ግማሹ ጠጠር» አለች። ይህን ለማለት ሁለቴ ተንፍሳለች፤ ቢሆንም አልቀረባትም። ያረረውን ድስት በሶዳና በውኃ አፍላው ይላል ቁራጩ፤ እስከ አፉ ሞልቼ ጣድኩት፤ ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው፣ ወለሉን ሞላው። እንቁላሉን ስልጥ ነጩ ከቅርፊቱ ጋር ተነሥቶ አስኳል ብቻ አቀረብኩላት። አስኳሉን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ከሆነ በኋላ ከቢሮ ያመጣሁትን ካርቶን ከቁምሳጥኑ አናት ላይ አወረድኩና ያንቺን ዋናዎቹን ደብዳቤዎች ዘርግቼ ማንበብ ያዝኩ። የሩዙ ደብዳቤ ከታች ቀይ መስመር አለው። ከቀዩ ሥር እንዲህ ይላል፦ «ውኃው ሲጠፋ እሳቱን አጥፋ፣ ክዳኑ ሥር ንጹሕ ጨርቅ አድርግ፣ ዐሥር ደቂቃ እንዳትነካው። እስኪ ልየው ብለህ አትክፈት፤ አውቅሃለሁ።» የሶዳው ከታች ቀይ መስመር አለው፤ «ይገነፍላል፣ ድስቱን ከግማሽ አታሳልፈው» ይላል። የእንቁላሉም አለው፤ «ከእሳት እንዳወጣኸው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ዝፈቀው፣ ያለዚያ ከቅርፊቱ ጋር ስትታገል ትውላለህ» ይላል። አንድ በአንድ እያነሣሁ እስከ ምሳ ሰዓት ቆየሁ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለሰው የሰጠሁት ያንቺን ነገር ያለ ጭንቅላቱ ነው። ሰው ሁሉ ድስቱን አሳርሮ ጥፋቱ የራሱ ስለመሰለው ይሆናል አንድም የቅሬታ ደብዳቤ ያልደረሰን።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ወግ አበጀን። ሙሽራሽ ጠዋት፣ እኔ እሳት ሳልለኩስና ኩሽናው ምንም ሳይሸት፣ ግድግዳውን እየያዘች ትገባና ከካርቶኑ አንድ ደብዳቤ መርጣ ጠረጴዛው ላይ በጨው ብልቃጡ ሥር ታስቀምጥልኛለች። የዕለቱ ምሳ እሱ ነው። ማውራት ስለሚያደክማት በዚህ ነው የምታዘኝ። ያንቺ እጅ ጽሑፍ፣ የእሷ ምርጫ፣ የእኔ እጅ። ሩዙ አሁን አያርም። የደረቀ ዳቦ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ አለሰልሳለሁ። ብርጭቆ ውስጥ ማንኪያ ሳላደርግ ትኩስ ሻይ አልቀዳም። እንዲህ ያለውን ትንሽ ትንሽ ነገር ሁሉ አውቄያለሁ፤ እሷ ስታስል ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም። ውኃ ይዤ እቆማለሁ። ሳሉ ሲያልቅ ውኃውን መልሼ እወስዳለሁ።

እታለም፣ አሁን ከቀይ መስመሩ በታች ወርጃለሁ።

ከአደጋው በኋላ በጻፍሽልኝ በመጀመሪያው ደብዳቤሽ አንድ ነገር ጠይቀሽኝ ነበር። «ስለ በረኪናው ጽፌ አልነበረም ወይ?» ብለሽኛል። እኔ «ፈልጌ አጣሁት» ብዬ መለስኩልሽ።

አላጣሁትም። አልፈለግሁትምም። የት እንዳለ አውቅ ነበር። አደጋው በደረሰ በማግስቱ ሰኞ ቢሮ ገብቼ ያንን ደብዳቤ ከፋይሉ አውጥቼ በኮቴ የውስጥ ኪስ ጨምሬዋለሁ። ኮቱን ከበሩ ጀርባ ሰቀልኩት፤ ዳግመኛም አልለበስኩትም። መልሱን ስጽፍልሽ ኮቱ ከጀርባዬ ነበር።

የመታጠቢያ ቤት ወለል ላይ የሚይዘውን ቢጫ እድፍ በሞቀ አቼቶ ስለማስለቀቅ የጻፍሽው ነው። በዚያ ሳምንት የፍራሽ ማስታወቂያ ገባና «አራት መስመር» መጣ። «ጋሼ፣ አራት መስመር ተርፎኛል፤ ወይ ጽሑፉን ይቁረጡልኝ ወይ ፍራሹን ያጥፉልኝ» አለኝ። ሳቅን። ወደ ታች ወረድኩ። የመጨረሻው አንቀጽ «ለሙሽራዬ ንገርልኝ» ብሎ ይጀምራል። ሁለት ቃል አነበብኩ። የቤተሰብ ወሬ ነው፣ ለአንባቢ ምን ይረባዋል ብዬ ሰረዝኩት። አራት መስመር ልክ ሆነ። ለሙሽራሽም አልነገርኳትም፤ ምን እንደሚል ሳላነበው ምኑን እነግራታለሁ?

ሙሉው እንዲህ ይላል፦ «ለሙሽራዬ ንገርልኝ፦ በረኪና ባለበት አቼቶ አይግባ፣ አቼቶ ባለበት በረኪና አይግባ። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጭስ ያፍናል። የእሷ ደረት ደግሞ ስስ ነው።»

ጋዜጣው በወጣበት እሑድ ረፋዱ ላይ፣ ሙሽራሽ የመታጠቢያ ቤቱን ወለል ቀድማ በበረኪና ረጭታው ኖሮ፣ ጋዜጣውን አይታ አቼቶውን ጨመረችበት። እጥፍ ይጠነክራል ብላ ነው። ውኃው ወደ ኮሪደሩ እንዳይወጣ በሩን ዘግታለች። እኔ ሳሎን ተቀምጬ ያንኑ ጋዜጣ የፊደል ስሕተት እየፈለግሁ አነብ ነበር። ሳሏን ሰምቻለሁ። መጀመሪያ ጉንፋን መሰለኝ። ገጹን ጨርሼ ነው የተነሣሁት።

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለእሷም አልነገርኳትም። ሆስፒታል ሳለች ልነግራት አፌን ስከፍት ነርሷ ትገባለች፤ ነርሷ ስትወጣ አፌ ይዘጋል። ቤት ከገባን በኋላ ደግሞ ነርስ የለም፣ ሰበብም የለኝም፤ ምሳ ልሠራ ብዬ እነሣለሁ። እሷም አንድ ቀን እንኳ አንቺን በክፉ አላነሣችሽም። አንዳንዴ ብታማሽ ይሻለኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ለመናገር ምክንያት አገኝ ነበር።

ትላንት ረቡዕ ለልጅሽ ስልክ ደወልኩለት። አንቺ ስልክ ስለማትሰሚ ሌላ መንገድ አልነበረኝም። ሙሽራሽ መስኮቷ ላይ ናት፤ ስልኩ ኮሪደሩ ላይ ነው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ጥፋቱ የእናትህ ብቻ አይደለም፣ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ጽሑፍ ይጠባል፣ አንዳንድ ነገር ይቀራል አልኩት። ስሚው እንግዲህ፦ ይጠባል፣ ይቀራል። ማን እንዳጠበበው፣ ማን እንዳስቀረው ሳልናገር። ልጅሽ ደግ ልጅ ነው። «አጎቴ፣ የእርስዎን ልብ አውቃለሁ፤ እሷን ለማዳን ጥፋቱን በራስዎ ይወስዳሉ። ግን ፈልጌ አጣሁት ብለው የጻፉላትን ደብዳቤ እኮ እኔው ነኝ ያነበብኩላት፤ መነጽሯ ተሰብሮ ነበር» አለኝ። ምድጃውን ግን ተው አልኩት። «አጎቴ፣ እኔም እናቴን እንዳላጣት ነው» አለኝና ስለ ሙሽራሽ ጤና ጠየቀኝ። ደህና ናት አልኩት። ስልኩን ዘጋሁት። ወደ ክፍሉ ስገባ ሙሽራሽ መርፌ እየሰካች ነበር፤ ቀና አላለችም። «ማን ነው?» ብላ አልጠየቀችኝም። በስልክ ሳወራ ሁልጊዜ ትጠይቅ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ኩሽና ገባሁ። ጨው ብልቃጡ ሥር የዕለቱ ደብዳቤ ተቀምጧል። አነሣሁት። የአቼቶው ነበር።

ካርቶኑ ውስጥ ያልነበረው እሱ አንዱ ብቻ ነው።

ለሻይ ውኃ ጣድኩ፤ ደብዳቤውን ደጋግሜ ሳነብ ውኃው ተንኖ አለቀ። ከመስኮቱ በኩል «ምሳ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሌላ ቀን የምትመርጠው እሷው ስለሆነች ይህን ጠይቃኝ አታውቅም። ዛሬ ምሳ የለም፣ ደብዳቤ ልጽፍ ነው አልኳት። ለማን አላለችኝም። ትንሽ ተንፍሳ፣ ደግማ ተንፍሳ፣ «አታሳጥረው» አለችኝ።

አላሳጠርኩትም። እንደምታይው አምስተኛ ወረቀት ላይ ነኝ። ከዚህ በኋላ ከእሷ ጋር ምን እንደምነጋገር አላውቅም። ወንበሬን ከወንበሯ አጠገብ አድርጌ ልቀመጥ ይሆናል። ልትናገር ብትፈልግ ትንፋሿ አይበቃትም፣ እኔ ልናገር ብል ሁሉንም ነገር እሷ ቀድማ አውቃዋለች። ሳንባዋን የሚመልስ ብልሃት ካርቶኑ ውስጥ ፈልጌያለሁ፤ አንድ በአንድ፣ እስከ ታች እያነበብኩ። የለም።

ደብዳቤው፣ ያንቺው ዋናው፣ በዚህ ውስጥ ታጥፎ አለ። እንዳይጠፋብሽ። መነጽርሽ ተጠግኖ ከሆነ አንቺው አንብቢው፤ ካልተጠገነም ልጅሽ ጮክ ብሎ ያንብብልሽ። ቀኑን ይመልከት፣ ያንቺን እጅ ጽሑፍ ይመልከት፣ በላዩ የሄደውንም ቀይ እርሳስ ይመልከት። እያንዳንዱ ቃል አለ፤ አንድም አልረሳሽም። አእምሮሽ ባለበት አለ። የከዳሁሽ እኔ ነኝ።

ሹፌሩ ቀትር ላይ ይነሣል፤ መንገዱ ካልተበላሸ ዓርብ ማታ ይደርሳል ብሎኛል። ካልደረሰስ ስለው «እኔ አውቶቡሱን እነዳለሁ እንጂ መንገዱን አልሠራሁትም» አለኝ። ዘግይቶ ከደረሰሽና ምድጃው ተጭኖ ከሄደ ምን ማድረግ እንደምችል አላውቅም። እዚህ ሆኜ እጄ ያን ያህል አይረዝምም። ይቅርታሽን አልጠይቅሽም፤ ሦስት ጊዜ በከንቱ የጠየቅሽኝ ይበቃል።

እንግዲህ ልነሣ ነው፤ እስከ መናኸሪያው ሃያ ደቂቃ ያስኬዳል። ውጭው ብርድ ስለሆነ ኮቱን ለበስኩት። ለካ ቁልፉን በጠንካራ ክር ነው የሰፋችው፤ የውስጥ ኪሱም አፉ ላይ ተተርትሮ የነበረው ተጠግኗል።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ዕድሜሽን ፈጣሪ ያርዝመው፤ ቤትሽ የራስሽ፣ በርሽ ባንቺ እጅ የሚከፈት ይሁን። ሙሽራሽ በመስኮቱ በኩል እጇን አንሥታ ሰላም ብላሻለች፤ ወዳንቺ አገር በየት አቅጣጫ እንደሆነ ጠይቃኝ ነው።

ሁለት ቃል ብቻ ያነበበው
ታናሽ ወንድምሽ

ለልጅሽ ንገሪልኝ፦ ቀዩ መስመር የእኔ እጅ ነው። ምድጃው ካለበት አይነሣ።